አውራ ጣቴ አምባሰል ገባ

ጊታር አጠገባችሁ ካለ አንዴ አንሡልኝ። ግራ እጃችሁ ሥራ የለውም፤ ኪስ ይግባ። በቀኝ አውራ ጣታችሁ ብቻ፣ አንድም ፍሬት ሳትጫኑ፣ ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ ቀስ እያላችሁ ውረዱ፦ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። አሁን እነዚያኑ ድምፆች ከጂ ጀምራችሁ በተራ አሰልፏቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። የኛው ቅኝት፣ ትዝታ ሜጀር ነው! አምስቱም አሉ፤ የጎደለ የለም፣ ጥልቅ ብሎ የገባ ባዳም የለም። ስድስተኛው ክር ያው ኢ ተደግሞ ነው። የኛም ክራር ስድስት ክር ሲኖረው ስድስተኛውን ለአንዱ ድምፅ ኦክታቭ ነው የሚሰጠው። ጊታርን እንዲህ መቃኘት የለመዱት ፈረንጆች ክራር የሚባል ነገር መኖሩን ያውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን ይሄ ነገር የገባኝ ቀን፣ ጉልበቴ እሺ በማይልበት ዕድሜ፣ የቡ ያለው ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጨፍሬያለሁ።

ትዝታ ካነሣን ዘንድ፣ የትዝታ ጽሑፍም ወጉ ይታወቃል። ጸሐፊው ያኔን ያነሣል፣ አሁንን ይረግማል፣ መጨረሻ ላይ «ድሮ ቀረ» ብሎ ይተነፍሳል። ዛሬ ይህን ወግ ላፈርሰው ነው። ያኔን እወደዋለሁ፤ ሳወራው ሳቄ ይቀድመኛል። አሁን ግን፣ ኧረ አሁን ይበልጣል! ማንም ይቆጣ።

የቡ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማና ወረዳ ከተማ ናት። ግራ ቀኟ ቡና ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ ሲቀላ ከተማው በሙሉ ሌላ ወሬ የለውም። በሰባዎቹ መጨረሻ፣ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ቡና በየደጃፉ ይሰጣል፤ ለእግር ማሳለፊያ የሚሆን ስንዝር እየተረፈ። በኛ ግቢ ደግሞ ከተሰጣው ቡና ጠርዝ ላይ የባትሪ ድንጋዮች በመደዳ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የኔ ናቸው። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አውጥቶ ትንሽ ነፍስ መዝራት የዘመኑ ጥበብ ነው። እናቴ ቡናውን ስታገላብጥ ድንጋዮቹንም አብራ ታገላብጣቸዋለች። አንድም ቀን «ይሄ ምንድነው?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ ይደርቃሉ ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ድንጋዮቹ ጨርሰው እንዲያገግሙ ግን አንፈልግም ነበር። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፤ ዘፈኑ ይዘገያል፣ የሴት ድምፅ የወንድ ይሆናል፣ የወንዱማ የዋሻ ይሆናል። ለአድማጭ መከራ ነው። ፈጣን የጊታር ሩጫን ድምፅ በድምፅ ለቅሞ ለሚያጠና ልጅ ግን ከዚህ የበለጠ መምህር ከወዴት ይመጣል? ችግሩ፣ ካሴቱ ሲዘገይ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የጊታሩን ክሮች ፈታ ፈታ አድርገን ወደ ደከመው ቴፕ እንቃኛለን። ድንጋዩ መድከሙን አያቆምም፣ እኛም መፍታታችንን አናቆምም። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ክሩ ተዘልዝሎ ፍሬቱን ይደበድባል። እኔና ጓደኛዬ በሳቅ እንሞታለን።

ጊታሩ የቀበሌው ኪነት ቡድን ቦክስ ጊታር ነበር። በዚያ ዘመን ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። ከበሮ አለ፣ ክራር አለ፣ ዕድለኛ ከሆነ ጊታር አለ። የጊታሩ ሥራ «ቸክ ቸክ» ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ምርት የሚዘፍኑትን ልጆች መሬት ላይ ማቆየት። ቀጭኑ ክር ሲበጠስ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ አንዷን ሽቦ መዘን እንተካለን። ድምፁ? አይነሣ። ግን ይጮሃል፤ መጮኹ በቂ ነው።

ታዲያ ጃዝ ከየት መጣ? ከሰማይ! የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ አማርኛ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ተጀምሯል። እኛ ቤትም ማታ ማታ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ ይሰማል። አባቴ ዜናውን ሰምቶ ሲተኛ ራዲዮኑ ለኔ ይቀራል። ሌሊቱ ገፋ ሲል ሾርት ዌቩ ይጠራል፤ መርፌዋን ቀስ እያልኩ ስገፋት አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ድምፅ ላይ ታርፋለች። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ዊሊስ ኮኖቨር ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በዚያው ጣቢያ የጃዝ ሰዓት ያቀርብ ነበር፤ መግቢያው የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» ነው። የሚገርመው፣ ጣቢያው ለውጭ አድማጭ ብቻ እንዲያሰራጭ ሕግ ስላሰረው አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሰውየውን እምብዛም አያውቁትም ነበር። ከሞስኮ እስከ የቡ ሁሉ የሚያውቀው ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይሄን ካወቅሁ ጀምሮ ኮኖቨርን በከፊል የየቡ ሰው አድርጌ ነው የማየው።

አንድ ሌሊት አንድ ጊታር ብቻውን መጣ። ከበሮ የለ፣ ፒያኖ የለ፣ ዘፋኝ የለ። ጊታሩ ይዘፍናል፤ ራሱ ይቀበላል። ዜማው ላይ ላዩን ይሄዳል፣ ከሥሩ ኮርዱ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ይሄ አንድ ሰው ነው? ሁለት? ቴፑን ራዲዮኑ አፍ ላይ ደቅኜ ቀዳሁት። ልክ መሀል ላይ፣ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ ኮርዱ ሊያርፍ ሲል፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ። አብሮ ተቀዳ!

እኔና ጓደኛዬ ያን ሙዚቃ ከነዶሮው አጠናነው። እኔ ኮርዱን ይዤ ሳቆም እሱ «ኩኩሉ» ይላል፤ ከዚያ እንቀጥላለን። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የዶሮው ድምፅ የት እንደሚገባ በደንብ ይታወቃል፤ ቀድሞ ከጮኸ ወይ ከዘገየ እንደገና እንጀምራለን። ዛሬ ያንኑ ሙዚቃ ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ስሰማው እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ኪነቱን የሚያሠለጥኑን መምህር ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ካሴቱን አሰማኋቸው። ዶሮው ጋ ሲደርስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ይሄ ኮርድ ሜሎዲ ይባላል» አሉኝ። ነገሩን ያስረዱኝ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ጆሮ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ሲሰማ ዜማ አድርጎ የሚከተለው ከላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ዜማህን ቀጭኖቹ ሁለት ክሮች ላይ አስቀምጥና ኮርዱን ከሥሩ አንጠልጥል። አለቀ! ከዚያ ወዲያ ያለው የጣት ጉዳይ ነው።

የጣቱ ጉዳይ ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ፒያኖ ላይ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢን ተጠጋግተው መምታት ለሕፃንም አይከብድም። ጊታር ላይ እንደዚያ እይዛለሁ ያለ ጣቱ ይበጠሳል። የጃዝ ጊታረኞች ያገኙት ዘዴ ከላይ ሁለተኛ የሆነውን ድምፅ አንሥቶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ማድረግ ነው። ጂው ወደ ታች ይወርድና ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ቢ ይሆናል፤ በአራቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ ሦስቱ ድምፆች አምስተኛው ፍሬት ላይ ይሰለፋሉ፣ ቢው ብቻ ሰባተኛው ላይ ይቀመጣል። ዜማው ላይ፣ ሌላው ከሥሩ። ጋሼ ይሄን ደብተሬ ላይ በስድስት መስመርና በነጠብጣብ ሣሉልኝ። ነጠብጣቦቹን ይዤ ማታ በኩራዝ ስቀመጥ እናቴ የሒሳብ የቤት ሥራ ይመስላት ነበር፤ እኔም አላረምኳትም።

ደግሞም በየድምፁ ኮርድ አይደረግም። ዜማው ሲራመድ ረገጥ የሚያደርግባቸውን ቦታዎች መርጦ እዚያ ላይ ኮርድ ማኖር፣ የቀረውን ራቁቱን መልቀቅ ነው። ዌስ ሞንትጎመሪን የሰማ ሰው ይሄ ይገባዋል። መጀመሪያ ነጠላ ዜማ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ዜማውን በኦክታቭ ያወፍረዋል፣ መጨረሻ ላይ በሙሉ ኮርድ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ፒክ አይጠቀምም፤ በአውራ ጣቱ ሥጋ ነው የሚመታው። ጎረቤት እንዳይቆጣ ሌሊት በዝግታ ሲለማመድ የያዘው ልማድ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአርባ አምስት ዓመቱ ሞተ። ጆ ፓስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 «ቨርቹኦሶ» የተባለውን አልበም ጊታሩን ብቻ ይዞ ቀዳ። ከታች ቤዝ፣ መሀል ኮርድ፣ ላይ ዜማ፤ ሁሉም ከአንድ ሰው!

ቤዝ አልኩ? እሱ ላይ ልምጣ። የኛ ራዲዮን ድምፅ ማጉያ ከስኒ ማስቀመጫ አይበልጥም፤ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ላይኛው ዜማ አለ፣ መሀሉ አለ፣ ታች የለም። ቴፑ ከራዲዮኑ ሲቀዳ የተረፈችው ቅንጣትም ትጠፋለች። ስለዚህ የኛ ጃዝ ታች የሌለው ጃዝ ነበር። አውራ ጣቴ ለዓመታት ሥራ ፈት ሆኖ ኖረ፤ አንዳንዴ የጊታሩን ሆድ ይደበድባል፣ አለቀ። እኔም ጓደኛዬም ፍጹም ደስተኞች ነበርን።

ስለ ሙላቱ አስታጥቄ የነገሩን ያው ጋሼ ናቸው። «የዚህ አገር ልጅ ነው» ብለው ወደ ጅማ በአገጫቸው ጠቆሙ። እንዴ! እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን ያለው በርክሊ ገብቶ፣ ኒውዮርክ ላይ በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ያሳተመ ሰው! ከኛ መንደር በመኪና ቅርብ ነው ቤቱ! ልጅ ሆኖ ጅማን መልቀቁ ለኛ ጉዳያችን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅማ በሄድን ቁጥር፣ ፈረንጅ አራዳ ስንዞር፣ የትኛው ቤት ይሆን እያልን በረንዳ ሁሉ እንገምት ነበር። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር ሠርቷል ሲሉንማ ራሴን ያዝኩ። ሌሊት በራዲዮ የምሰማው የ«ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» ባለቤት አገሬ መጥቶ ሄዷል ማለት ነው! (ዘፈኑን የደረሰው ቢሊ ስትሬሆርን መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። ለኔ ያኔ ኤሊንግተን ነው።)

ሙላቱ የሠራው ነገር በአጭሩ፣ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝታችንን አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው ከምዕራቡ ሃርመኒ ጋር ማስቀመጥ፣ ግን አምስቱ እንዳይዋጡ መጠንቀቅ ነው። ከሱ በፊት ነርሲስ ናልባንዲያን የኛን ዜማ ለትልልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ ኖረዋል። እነሱ ግን ሳክስፎን አላቸው፣ ትሮምቦን አላቸው፣ ሥራው ይከፋፈላል። ጊታረኛ አንድ ግራ እጅ ነው ያለው። በሰማንያዎቹ የሮሃ ባንድ ካሴት ሁሉ ቤት ሲገባ ጆሮዬ የሚሮጠው ወደ ሰላም ስዩም ሊድ ጊታር ነበር። የሱ ጊታር ግን ዘፋኝና ኪቦርድ ከኋላው አለ። እኔ የምፈልገው ብቻውን ትዝታ የሚጫወት ጊታር ነው፤ ያ ደግሞ በእጄ ላይ አልነበረም።

እሺ፣ ያኔ እስከዚህ ነው። ወደ አሁን ልዝለል፤ መሀሉ ደመወዝና የልጆች ትምህርት ነው፣ ማንንም አያስደስትም።

አሁን የቡ ውስጥ የታጠበ ቡና የሽቦ አልጋ ላይ ይደርቃል፣ ባጃጅ ይንጫጫል፣ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳልም። የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜ ስትመጣ ናይለን ክር ያለው ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ ነው። ስልኳ ላይ ያለው ፕሮግራም ሙዚቃውን በግማሽ ፍጥነት ያጫውታል፤ ድምፁ ግን አይወርድም! ይሄን ስታሳየኝ ለሷ ቀላል ነገር ነበር፤ እኔ ግን እነዚያን ፀሐይ የሞቁ ድንጋዮች አስቤ ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። መሣሪያዎቹንም ይለያል፤ ዘፋኙን ዝም አሰኝቶ ቤዙን ብቻ ያሰማል። ኢርፎኗን ጆሮዬ ውስጥ ከታ ያን የጥንቱን፣ የዶሮውን ሙዚቃ ከፈተችልኝ።

«እንዴ! ቤዝ አለው!» ብዬ ጮህኩ።

«ድሮም ነበረው እኮ አጎቴ።»

ድሮም ነበረው! ከላይ ያለውን ሁሉ ከነዶሮው አውቀዋለሁ፤ ከሥር ግን ሌላ ሰው የሚመስል አውራ ጣት ቀስ እያለ ሲሄድ ኖሯል። የምወደው ኮርድ እኔ የማስበው ኮርድ አልነበረም፤ ከታች ያለው ድምፅ ስሙንም መልኩንም ቀይሮታል። አመሻሹን ሁሉ ስስቅ አመሸሁ። በዚህ ዕድሜ የገዛ ወጣትነቱ ግማሽ አዲስ ሆኖ የመጣለት ማን አለ?

ከዚያ በኋላ ለጊታሩ የኛን ዜማ ማቀናበር ጀመርን፤ አውራ ጣትም ሥራ ገባ።

የመጀመሪያው ውሳኔ የቁልፉ ነው። አውራ ጣት ነፃ ሆኖ እንዲሄድ ቤዙ ባዶ ክር ላይ ቢውል ይመረጣል። ለትዝታ ማይነር ኤን መረጥን። ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው፤ አምስተኛው ክር ሳይነካ ኤ ይላል፣ ስድስተኛው ኢ። ከነዚህ አምስት ድምፆች ምን ኮርድ ይወጣል ብለን ወረቀት አወጣን። ኤ ማይነር ይወጣል። ኤፍ ሜጀር ይወጣል፤ ኢን ከጨመርንበት ኤፍ ሜጀር ሰቨን ይሆናል፣ ያውም ሁሉም ድምፁ ከቅኝቱ። ቢንና ሲን ጎን ለጎን አጋጭቶ ኤ ማይነር ላይ መጨመርም ይቻላል፤ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚለያዩ ይቆነጥጣሉ፣ ቁንጥጫው ግን ልክ ነው። ዲ የለም፣ ጂ የለም፣ ጂ ሻርፕማ ጭራሽ የለም።

የተጣላነው በዚህ በጂ ሻርፕ ነው።

«አጎቴ፣ ወደ ኤ ማይነር ስንመለስ ኢ ሰቨን እናስገባ። ጃዝ እኮ ነው።»

«ኢ ሰቨን ጂ ሻርፕ ይፈልጋል፣ ዲም ይፈልጋል። ሁለቱም የሉንም።»

«ከጎረቤት እንበደራለን።»

ልጅቱ አንደበቷ ስለት ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ ትዝታ እየተንከባለለ መጥቶ ሊያርፍ ሲል ጂ ሻርፕ ብቅ ሲል፣ ድንገት የሆቴል ፒያኖ ይሆናል። ትልቅ ባንድ ቢሆን ትሮምቦኑ ውስጥ ይደበቃል፤ ብቻውን ጊታር ላይ መደበቂያ የለም። ባዶውን ኢ በአውራ ጣት መትቶ በላዩ ኤና ቢን ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ሜጀርም ማይነርም አይባልም፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። እሷ ሁለቱንም ቀድታ አሰማችኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሷ ይግባ ተባባልን፤ የቤተሰብ ሰላምም ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ትዝታ በረንዳ ላይ እንጫወታለን። አጥር ተሻግሮ ያሉት ጎረቤታችን ሰፌድ ላይ ቡና እየለቀሙ ነው። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ በወጣትነታቸው የደሴን መስመር የነዱ፣ ስለ ኖታ አንዳች የማያውቁ ሰው። እኔ ከላይ ያለውን ሳልነካ፣ ኢ፣ ቢ፣ ሲ እንዳሉ ሆነው፣ አውራ ጣቴን ብቻ ከኤ ክር ወደ ወፍራሙ ኢ አወረድኩ። እዚያው ላይ መላልሼ መታሁት። ዜማውንም ኢ ላይ ማሳረፍ ጀመርኩ።

ሰውየው ቀና አሉ። «አሁን ወሎ ገባችሁ» አሉ።

ልጅቱ አየችኝ፣ አየኋት። ወረቀት! የወሎው ቅኝት አምባሰል ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ወደ ኢ አዛውሩት፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። የትዝታ ማይነራችንስ? ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። እነዚያው ናቸው! አንድም ሳይቀየር! ቤታቸው ብቻ ነው የተለያየው፤ አንዱ ኤ ላይ ያድራል፣ አንዱ ኢ ላይ። ጊታር ላይ ደግሞ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያለው ርቀት ከአምስተኛው ክር እስከ ስድስተኛው ነው። አውራ ጣቴ ከየቡ ሳይነሣ አምባሰል ገባ!

እብደቱ በዚህ አላበቃም። መጀመሪያ ላይ ያስመታኋችሁ ባዶ ጊታር ትዝ ይላችኋል? እሱም መንታ ነው። ከጂ ስትነሡ ትዝታ ሜጀር ያልነው፣ ከኢ ስትነሡ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ይሆናል፤ ሌላው ቅኝት፣ ባቲ ማይነር! ወፍራሙን ክር ባዶውን ስትመቱት ወደ ባቲ ያዘነብላል፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑት ጂ ሆኖ ትዝታ ይሆናል። የላይኞቹ አምስት ክሮች ምንም አልተነኩም።

ይሄን ለአንድ ክራር ደርዳሪ ብነግረው ፊቱን አጠቆረብኝ። ቅኝት ኖታ ብቻ አይደለም አለኝ። አምባሰል የራሱ አወራረድ አለው፣ የት ላይ ድምፅን እንደሚያለቅስ፣ የት ላይ እንደሚቆርጥ ያውቃል፤ ድምፁን ስለተጋራ ትዝታ ነው አይባልም። እውነቱን ነው፤ አልተከራከርኩትም። ክራር ሲገረፍ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች አፍኖ የሚፈለገውን ብቻ ያስጮኻል፤ ስድስቱም ይመታሉ፣ ዜማው ግን ከመሀላቸው ይወጣል። ታዲያ ይሄ ራሱ ምንድነው? ኮርድ ሜሎዲ አይደለም ወይ? ይህን ስለው ፊቱ ፈታ አለ። አሁን እኔ ያን አፈና ከክራር ወደ ጊታር እያመጣሁት ነው፤ ጣቶቼ ገና እየተቀያየሙ ነው።

ከዚህ ወዲህ የአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ስሰማ በሌላ ጆሮ ሆነ። ግሩም መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረተው ቡድን ነው፤ የጥንቱን ዜማ በጊታር፣ በክላርኔት፣ በአየለ ማሞ ማንዶሊን ያመጣል። ድሮ ቢሆን ማንዶሊኑን ነበር የምከተለው። ዛሬ ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቤዙ የት ሄደ፣ ማን ቤት ገባ እያለ።

አሁን የያዝነው አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ነው፤ እንቅልፍ የነሣን። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ስታዩት ምን ይደረጋል ያሰኛል። ግን ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ያዙ፦ ጂ ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት፣ በቀሩት ሁለቱ አንደኛው። ኤ፣ ሲ፣ ኤፍ፤ ኤፍ ሜጀር ነው። አሁን ኤውን አትንኩት፤ ሁለቱን ብቻ አንድ አንድ ፍሬት ወደ ፊት ግፏቸው። ኤ፣ ዲ ፍላት፣ ጂ ፍላት፤ ጊታረኛ ኤፍ ሻርፕ ማይነር የሚለው። ሁለት ኮርድ፣ ሦስት ጣት፣ አንቺሆዬ በሙሉ! ለአምስት ድምፅ የሚበቃ ነገር አንድ ፍሬት ውስጥ ተሸጉጦ ኖሮ ማንም አልነገረንም።

ችግሩ አሁንም ቤዙ ነው። ቤቱ ሲ ነው፤ ሲ ደግሞ ባዶ ክር አይደለም፣ አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ነው። ኤፍ ሜጀሩ ላይ በትንሿ ጣት ይደረስበታል። ወደ ሁለተኛው ኮርድ ስንገፋ ግን ታች ሲ፣ ላይ ዲ ፍላት ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ የእህቴ ልጅ ትስቃለች፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። «ባዶውን ኤ ምታና ተገላገል» ትለኛለች። አልመታም! ኤን ቤዝ ካደረግሁት ቤቱ ይፈርሳል። ግጭቱ ነው አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያደርገው እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሷም ትጮሃለች፤ ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ሰፌዳቸውን አስቀምጠው ወደ አጥሩ መጡ።

«አሁን ደግሞ የት ገባችሁ?»

«አንቺሆዬ!» አለቻቸው እየሣቀች።

ትንሽ አሰቡበት። «እሱ ጋ በመኪና አይገባም» አሉ።